ወደ ጠላቷ የምትዋኝ ዓሣ

እንደምን አመሻችሁ። መብራት ሳይሄድብን ቶሎ ልጀምር።

የዛሬው ወሬያችን ስለ ባሕር ነው። አትደንግጡ፣ ስለ ባሕር በር አይደለም። እሱን ለባለቤቶቹ ትቻለሁ። እኔ የማወራው ባሕር ውስጥ ስለሚኖሩ እንስሳት አንጎል ነው። ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ጋዝ የባሕሩን ኬሚስትሪ እየለወጠው ነው። ታዲያ ይህ ለውጥ የዓሣውን ጭንቅላት ይነካል ወይ? ዓሣ ፍርሃቱን ይረሳል ወይ?

ጥያቄው ከ15 ዓመት በላይ ተመራማሪዎችን ሲያጨቃጭቅ ኖሯል። መጀመሪያ ላይ የተሰማው ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ቀጥሎ ጉዳዩ ወደ ክርክርና ወደ ክስ ተለወጠ። አሁን ያለበት ደረጃ ደግሞ፣ ለእኔ፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚጥም ነው። ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አውስትራሊያ ውስጥ ታውንስቪል የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። ጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነው። የኮራል፣ ማለትም ባሕር ውስጥ እንደ ድንጋይ ያለ ቤት የሚሠሩ የጥቃቅን እንስሳት፣ ጥናት ሲነሣ ስሙ ቀድሞ ከሚጠራ ተቋም አንዱ ነው። እዚያ ፊሊፕ ሙንዴይና ባልደረቦቹ ክላውንፊሽ በምትባል ዓሣ ላይ ይሠሩ ነበር። ብርቱካናማ ናት፣ ነጭ ሰንበር አላት። ልጆች ያሏችሁ በካርቱን ታውቋታላችሁ።

የዚህች ዓሣ እጭ ከእንቁላል እንደወጣች ወደ ክፍቱ ባሕር ትሄዳለች። አንድ ሁለት ሳምንት እዚያ ታድግና ቤት ፍለጋ ወደ ኮራሉ ትመለሳለች። መንገዱን ለማግኘት ጠረን በጣም ይረዳታል። ጠላቷንም በጠረን ትለያለች። ማንም አላስተማራትም። አዳኝ ዓሣ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ግን ጠረኑ ሲደርሳት ትሸሻለች።

ሙከራው ለመረዳት ቀላል ነው። በአንድ ጠባብ ገንዳ ውስጥ ውሃ በሁለት መስመር ጎን ለጎን ይፈስሳል፣ ሳይቀላቀል። አንደኛው መስመር የሆነ ጠረን አለበት፣ ሌላኛው የለበትም። ዓሣዋን ከታች ይለቋታል። በየትኛው መስመር ስንት ደቂቃ እንደቆየች ይቆጥራሉ። በቃ ይኸው ነው።

በ2009 የታተመው ጥናት እንዲህ አለ። ወደፊት ይመጣል በሚባለው ዓይነት ውሃ፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት ውሃ ያደጉ እጮች ጠረን ይምታታባቸዋል። ጤነኞቹ የሚሸሹትን ጠረን እነሱ ይከተሉታል። የወላጆቻቸውን ጠረን ሳይቀር፤ በደህናው ጊዜ ከወላጅ ርቀው ነው ቤት የሚሠሩት። በ2010 ደግሞ የባሰው መጣ። እነዚህ እጮች የአዳኝ ዓሣ ጠረን ወዳለበት መስመር ገብተው አብዛኛውን ጊዜያቸውን እዚያ አሳለፉ ተባለ። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ጥናት፣ በእንዲህ ያለ ውሃ የቆዩ ትንንሽ ዓሦች ወደ እውነተኛው ኮራል ሲለቀቁ ከሌሎቹ ከ5 እስከ 9 እጥፍ የበለጠ ተበሉ።

እስቲ አስቡት። ወደሚበላት ሰው ቤት በራሷ እግር የምትሄድ ዶሮ ማለት ናት። ዜናው በዓለም ዙሪያ ቢዞር አይገርምም።

ወደ አንጎል ከመግባቴ በፊት ስለ ውሃው ትንሽ ልበል። አምቦ ውሃ ስትከፍቱ ሽው ብሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ደካማ አሲድ ይፈጥራል። ባሕሩም ላይ እየሆነ ያለው ይኸው ነው፣ መጠኑ በጣም ትንሽ ይሁን እንጂ። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 በልጧል። የሰው ልጅ ከሚለቀው ውስጥ ሩብ ያህሉን ባሕር ይውጠዋል።

የባሕሩ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ በአማካይ ከ8.2 ወደ 8.1 አካባቢ ወርዷል። 7 መሐል ሰፋሪ ነው፤ አሲድ የሚባለው ከዚያ በታች ያለው ነው። ስለዚህ ባሕሩ ዛሬም አሲድ አይደለም። እጁን የነከረ ሰው አይቃጠልም። ወደ አሲድ አቅጣጫ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። የእኛዎቹ ሻላና አቢያታ ሐይቆች ፒኤች ወደ 10 የተጠጋ ነው፣ ባሕሩን ከእነሱ ጋር አታምታቱት። ደግሞ 0.1 ትንሽ አትምሰላችሁ። በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ሲወርድ አሲድነቱን የሚያመጣው ቅንጣት፣ የሃይድሮጅን አዮኑ፣ 10 እጥፍ ይጨምራል። የ0.1 መውረድ ብቻውን የሩብ ያህል ጭማሪ ነው። የጋዙ አለቃቀቅ ሳይገታ ከቀጠለ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ 7.8 ይደርሳል ተብሎ ይሰጋል። የአውስትራሊያዎቹ ሙከራም ይህንኑ ውሃ ነው የተጠቀመው። ከሚሊዮን 1000 ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው።

አሁን ወደ አንጎል እንግባ።

ብዙ ሰው የሚያስበው አሲዱ አፍንጫዋን አቃጠለው ብሎ ነው። ተመራማሪዎቹም መጀመሪያ አፍንጫውን ጠርጥረው ነበር። ግን ዓሦቹ ላይ የታየው ችግር የማሽተት ብቻ አልነበረም። ድምፅ ላይም ተምታቱ፣ መማር ላይም፣ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ መታጠፍ ላይም። አንድ የስሜት አካል ብቻ ቢጎዳ ይህ ሁሉ አይመጣም። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ማዕከሉ ዞረ።

በአንጎል ውስጥ ነርቮች እርስ በርስ «ተነሣ» ብቻ አይባባሉም። «ተቀመጥ» ማለትም አለባቸው። ያለዚያ ሁሉም በአንዴ ይነሣና እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ይሆናል። የ«ተቀመጥ»ን መልእክት በአብዛኛው የሚያደርሰው ጋባ የሚባል ኬሚካል ነው። እኛም ጭንቅላት ውስጥ ያው ጋባ አለ። ዲያዜፓም የሚያረጋጋው፣ ፌኖባርቢታል ሚጥልን የሚያስታግሰው የጋባን ተቀባይ በመንካት ነው። አረቄም ሰውን ከሚያደነዝዝባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። እዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ጋባን በስም ባያውቀው በሥራው ያውቀዋል።

ጋባ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ በነርቩ ግድግዳ ላይ ያለች ቀዳዳ ትከፈታለች። በእሷ በኩል ክሎራይድ፣ ጨው ውስጥ ያለው ቅንጣት፣ ወደ ውስጥ ይገባል። ክሎራይድ ኔጌቲቭ የኤሌክትሪክ ሙሌት ስላለው ነርቩን ያረጋጋዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀዳዳዋ ክሎራይድን ገፍታ አታስገባም። ክፍት ትሆናለች፣ ሌላ ሥራ የላትም። ክሎራይዱ የሚገባው በውጭና በውስጥ ያለው ሚዛን ወደዚያ ስለሚመራው ነው። በዚህችው ቀዳዳ ባይካርቦኔት የሚባለው፣ አሲድን የሚያበርደው ቅንጣትም ያልፋል። የሚዛኑ ነገር ከተለወጠ አካሄዱ ሊለወጥ ይችላል።

የዓሣው አካል ደግሞ የሚለውጠው ይህንኑ ሚዛን ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውሃው ሲበዛ በስንጥቡ በኩል ደሙ ውስጥም ይበዛል። ደሙ ወደ አሲድ እንዳይሄድ ዓሣው ባይካርቦኔት ያከማቻል። በምትኩ ክሎራይድ ያስወጣል። በሰዓታት ውስጥ የደሙ ፒኤች ይስተካከላል። ይህ የታወቀ ነው፤ በተለያዩ ላብራቶሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲለካ የኖረ ጉዳይ ነው፣ ማንም አይከራከርበትም። ዓሣ በዚህ ጎበዝ ነው። ኦይስተር ከሚባለው ባለ ቅርፊት እንስሳና ከኮራል የተሻለ ራሱን ይከላከላል።

ግን ያ ጉብዝና ዋጋ ያስከፍል ይሆናል። ደሙን ለማዳን ክሎራይዱ ቀነሰ፣ ባይካርቦኔቱ ጨመረ። አሁን ጋባ መጥቶ ቀዳዳዋን ሲከፍት ቅንጣቶቹ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ ወደ ውጭ ሊወጡ ይችላሉ። ያኔ «ተቀመጥ» የተባለው ነርቭ ብድግ ይላል። መልእክቱ አልተለወጠም፣ ሰሚው ግን ተገልብጧል።

ይህን ሐሳብ በ2012 ያቀረበው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲው ዮራን ኒልሰን ከሙንዴይ ቡድን ጋር ሆኖ ነው። ሐሳቡን የፈተኑት በጋባዚን ነው። ጋባዚን የጋባን ተቀባይ የሚዘጋ መድኃኒት ነው። የተምታቱትን ዓሦች ለግማሽ ሰዓት ጋባዚን ያለበት ውሃ ውስጥ አቆዩአቸው። ሲፈተኑ ወደ ደህናው ጠባያቸው ተመለሱ ተባለ። እኔ ይህን ጽሑፍ ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ። ከጭስ ማውጫ ተነሥቶ፣ በደም አልፎ፣ አንዲት ቀዳዳ ላይ የሚደርስ አንድ ረጅም ክር! ሳይንስ እንዲህ ሲገጣጠም ያምራል።

ከዚያ በኋላ ጥናቱ ጎረፈ። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ዲዬጎ፣ ስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ውስጥ በ2014 ሮክፊሽ የተባለ ዓሣ ተፈተነ። ከፊሉ ብርሃን፣ ከፊሉ ጨለማ በሆነ ገንዳ ውስጥ፣ አሲዳማው ውሃ ውስጥ የቆዩት ጨለማውን መረጡ። ተመራማሪዎቹ ይህን ጭንቀት አሉት። ወደ መደበኛው ውሃ ከተመለሱ በኋላም ሳምንት ያህል አልለቀቃቸውም፣ በ12ኛው ቀን ግን ደህና ነበሩ። በዚያው ዓመት አውስትራሊያ ውስጥ ስለ አንድ ዘላይ የባሕር ቀንድ አውጣ ተጻፈ። ይህ ፍጡር መርዛማ አዳኝ ሲሸተው በአንድ እግሩ ተስፈንጥሮ ይሸሻል። አሲዳማው ውሃ ውስጥ የሚዘሉት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። የሚገርመው፣ ጋባዚን ሲሰጣቸው እንደገና ዘለሉ። ቀንድ አውጣና ዓሣ በዘር የተለያዩት ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው።

በፓፑዋ ኒው ጊኒ ደግሞ ከባሕር ወለል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በተፈጥሮው እየተንፎለፎለ የሚወጣባቸው ቦታዎች አሉ። ሚልን ቤይ በሚባለው አካባቢ። የሙንዴይ ቡድን እዚያም ሄዶ በአረፋው መሐል የሚኖሩት ዓሦች የአዳኝን ጠረን እንደማይሸሹ በ2014 ጻፈ። በቃ፣ ነገሩ ያለቀለት መሰለ። የትምህርት ጽሑፎችም ያለ «ምናልባት» ማስተማር ጀመሩ።

እኛ አገር አንድ ተረት አለ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ጎርጓሪዎቹ መጡ።

ቲሞቲ ክላርክ የአውስትራሊያው ዲኪን ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። ፍሬድሪክ ዩትፌልትና ጆሴፊን ሱንዲን ከስካንዲኔቪያ፣ ሌሎችም ከካናዳ ተጨመሩ። በአውስትራሊያው ሰፊ የኮራል ስፍራ፣ በታላቁ ባሪየር ሪፍ ላይ ያሉትን ሙከራዎች እንደገና ሊሠሩ ተነሡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ900 በላይ ዓሣ፣ ከ6 ዝርያ። ዋናው ልዩነት አሠራራቸው ላይ ነው። ዓሣዋን ሰው ቆሞ በዓይኑ አልቆጠራትም። በቪዲዮ ተቀረጸች። እንቅስቃሴዋን በብዛት ኮምፒውተር ተከተለ። ጥሬ መረጃውን ሁሉ ለሕዝብ ክፍት አደረጉ።

ውጤቱ በጥር 2020 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ርዕሱ ራሱ መልሱን ይናገራል፦ የውቅያኖስ አሲዳማነት የኮራል ዓሦችን ጠባይ አይጎዳም። የአዳኝን ጠረን መሸሽ ላይ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። እንቅስቃሴ ላይም እንዲሁ። ግራና ቀኝ መምረጥ ላይም። ከዚያ አልፈው የቀድሞዎቹ ጥናቶች ቁጥሮች አንድ ላይ የተጣበቁበት መንገድ ከሕይወት ካለው እንስሳ የሚጠበቅ አይደለም አሉ። ዓሣ ነዋ! አንዱ ሰነፍ፣ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዛሬ የታመመ፣ አንዱ የተኛ። ቁጥሩ መበታተን አለበት።

ሙንዴይና ባልደረቦቹ ዝም አላሉም። የዝርያው፣ የዕድሜው፣ የአሠራሩ ልዩነት ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል ብለው መለሱ። ይህን መከራከሪያ ቀላል ነው ብዬ አላጣጥለውም። ዝርያ ከዝርያ ይለያል። ነገር ግን ዓለምን ያስደነግጣል የተባለለት አንድ ውጤት ገንዳው ትንሽ ሲለወጥ ከጠፋ፣ መጀመሪያ በተባለው መጠን ሰፊ አልነበረም ማለት ነው።

በ2021 ሳይንስ የሚባለው መጽሔት በቀድሞዎቹ ጥናቶች ላይ የቀረቡ የማጭበርበር ክሶችን ይዞ ወጣ። የተከሰሱት ተመራማሪዎች መረጃ ፈጥረናል መባሉን አስተባብለዋል። በ2022 የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ምርመራ ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ጸሐፊዎች አንዷ የምርምር ጥፋት ፈጽማለች ብሎ ደመደመ። ሳይንስ መጽሔትም በ2014 ያወጣውን አንድ ጽሑፏን ሰረዘ። ልብ በሉ፣ የተሰረዘው ጽሑፍ ስለ ኮራልና ስለ ዓሣ ጠረን እንጂ ስለ አሲዳማነት አልነበረም። በአንድ ሰው ጉዳይ የሙያውን ሰው ሁሉ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለእኔ ከክሱ ይልቅ የሚያሳስበው ሌላው የ2022 ጽሑፍ ነው። ጄፍ ክሌመንትስና ባልደረቦቹ በዓሣ ጠባይና በአሲዳማነት ላይ የታተሙ 91 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው አዩ። የመጀመሪያዎቹ ጥናቶች ያገኙት ተጽዕኖ እጅግ ትልቅ ነው። ከዚያ በየዓመቱ ይቀንሳል። አሥር ዓመት ሳይሞላ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ትልቅ ተጽዕኖ ያገኙት ጥናቶች ደግሞ በአብዛኛው ጥቂት ዓሦች ላይ የተሠሩ ናቸው። ሆኖም በታላላቅ መጽሔቶች የሚታተሙትና ብዙ የሚጠቀሱት እነሱው ናቸው። እዚህ ውስጥ ሌባ መፈለግ አያስፈልግም። አስደናቂ ውጤት ያገኘ በሩ ይከፈትለታል። «ፈተንኩት፣ ምንም የለም» ያለ ጽሑፉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የትኛው ገንዳ አሲዳማ እንደሆነ የሚያውቅ ቆጣሪ ደግሞ፣ ምንም ሐቀኛ ቢሆን፣ ዓይኑ የፈለገውን ያያል። እኔም አያለሁ። እናንተም።

እና ምን ቀረ?

ብዙ ቀረ። አፈ ታሪኩ ገለል ሲል ጥሩዎቹ ጥያቄዎች ብቅ አሉ።

አንደኛ፣ ጠባይ ከማየት ይልቅ ነርቩን በቀጥታ መለካት ይቻላል። በ2018 የእንግሊዙ ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአውሮፓ ሲባስ የሚባል ዓሣ አፍንጫ ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ምላሽ ለኩ። ውሃው አሲዳማ ሲሆን የነርቡ ምላሽ ደከመ። ዓሣው ያንኑ ሽታ ለመለየት እስከ 42 በመቶ ወደ ምንጩ መጠጋት አለበት ብለው አሰሉ። ይህ ወደ ጠላት መዋኘት አይደለም። ማሽተት ራቀ ነው። ከመጀመሪያው ታሪክ ያነሰ ነው፣ ግን ሊታመን የሚችል መጠን ነው።

በአሜሪካዋ ሲያትል አካባቢ ደግሞ በ2019 ኮሆ የሚባለው ሳልሞን ተፈተነ። ሳልሞን ወደተወለደበት ወንዝ የሚመለሰው በማሽተት ስለሆነ እዚያ አገር ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ነው። የቆሰለ ዓሣ ቆዳ ሽታ ሲመጣ ሳልሞን ይሸሻል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ውሃ ውስጥ የቆዩት ግን ግድ አልሰጣቸውም። የሚገርመው አፍንጫቸው ሽታውን በትክክል ይቀበል ነበር። የተለወጠው ሽታውን የሚያሰናዳው የአንጎል ክፍል ነው። የጋባ ነገር እዚህም ብቅ ብሏል፣ ከተለወጡት ዘረመሎች መካከል።

ሁለተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሳልሰስት ላውራበት። እስካሁን ስለ ተቀባዩ ስናወራ ቆየን። መልእክቱ ራሱስ? ሽታ ማለት ሞለኪውል ነው። ሞለኪውል ደግሞ ፒኤች ሲለወጥ ሃይድሮጅን አዮን ሊሸከም ይችላል። ያኔ ሙሌቱም ቅርጹም ይለወጣል። በ2016 የእንግሊዙ ሃል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ይህን በባሕር ዳር ሸርጣን ላይ አሳዩ። እናቲቱ ሸርጣን እንቁላሏን ከሆዷ ሥር ትይዛለች። ኦክስጅን እንዲያገኙ ሆዷን እያወዛወዘች ታናፍሳቸዋለች። ይህን እንድታደርግ የሚነግሯት ጥቃቅን የኬሚካል ምልክቶች ናቸው። ፒኤቹ ወደ 7.7 ሲወርድ እነዚህ ምልክቶች ቅርጻቸው ተለወጠ። እናቲቱ እንድትነሣ ከቀድሞው የበዛ ምልክት ያስፈልጋት ጀመር። አንጎሏ ደህና ነው። ነርቧ ደህና ነው። ደብዳቤው ነው መንገድ ላይ የተበላሸው። እዚህ ላይ ኬሚስትሪው ቁልጭ ያለ ነው፣ ወረቀት ላይ ቁጭ ብለህ ታሰላዋለህ።

ጆሮንም በአጭሩ ላንሣው። ዓሣ ጆሮው ውስጥ ኦቶሊት የሚባል የኖራ ድንጋይ አለው፤ መስማትም ሚዛን መጠበቅም በእሱ ነው። አሲድ ኖራን ስለሚያሟሟ ድንጋዩ ይቀንሳል ብለው ጠበቁ። በ2009 የነጭ ሲባስ እጮች ሲታዩ ግን አድጎ ተገኘ። ዓሣው ደሙን ለማዳን ያከማቸው ባይካርቦኔት ድንጋዩን ሳያሳድገው አልቀረም። ከተሞከሩት የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠኖች ትልቁ ግን በጣም ከፍተኛ ነበር፣ በቅርቡ የሚጠበቅ ዓይነት አይደለም።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የደሙ ለውጥ እርግጥ ነው። ያ ለውጥ ነርቭን ሊነካ መቻሉ አሳማኝ ነው፣ በአንዳንድ እንስሳት ላይም ታይቷል። ዓሦች ሁሉ ያብዳሉ የሚለው ግን ወድቋል። እነዚህ የቆጠርኳቸው የነርቭ ጥናቶችም ገና በሌሎች እጅ ተደጋግመው መፈተን አለባቸው። ሌላም አለ። ኮራል አጠገብ ፒኤች ቀንና ሌሊት አንድ አይደለም። ቀን አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይመገባል፣ ሌሊት ሁሉም ይተነፍሳል። የሙንዴይ ቡድን ራሱ በ2017 ይህን መዋዠቅ ሙከራው ውስጥ ሲያስገባ ጉዳቱ ቀለለ። ለ24 ሰዓት አንድ ዓይነት ውሃ የሚገኘው ላብራቶሪ ውስጥ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄዎች ነበሩ። የተወሰኑትን ልጨምር።

አንድ አባት «ታዲያ የባሕሩ አሲዳማነትም ወሬ ነው ማለት ነው?» አሉኝ። አይደለም፣ አባቴ። የተጠረጠረው የዓሣው ጠባይ እንጂ ባሕሩ አይደለም። ከሃዋይ በስተሰሜን አሎሃ በሚባል የመለኪያ ጣቢያ ከ1988 ጀምሮ መርከብ እየወጣ ውሃው ይለካል። ፒኤቹ ሲወርድ በግልጽ ይታያል። በአሜሪካ ኦሪገን፣ ኔታርትስ በሚባል የባሕር ወሽመጥ ዳር ያለ የኦይስተር ማርቢያ ከ2006 እስከ 2008 እጮቹ እየረገፉ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ከጥልቁ የሚወጣው ውሃ አሲድ በዝቶበት ነው። አሁን ውሃውን እየለኩና እያከሙ ያስገባሉ። ቅርፊት ለሚሠሩ ለብዙ ፍጥረታት ጉዳቱ አከራካሪ አይደለም።

ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እህት ስለ ቀይ ባሕር ጠየቀችኝ። ቀይ ባሕር ጨዋማ ነው፣ ወንዝ አይገባበትም ማለት ይቻላል። አሲድን የመቋቋም አቅሙ ከብዙ ባሕሮች የተሻለ ነው። ግን በላዩ ያለው አየር ያው የሁላችንም አየር ነው። ቁልቁለቱ ከሌላው ትንሽ ከፍ ካለ ቦታ ይጀምራል እንጂ አይቀርለትም።

«የጣና ቆሮሶስ?» ያለም ነበር። በሐይቅና በወንዝ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕሩ በጣም ይበልጥ ይለዋወጣል። ቅጠል ይበሰብሳል፣ ጭቃ ይተነፍሳል፣ ክረምት ሌላ፣ በጋ ሌላ። የንጹሕ ውሃ ዓሦች በዚህ ውስጥ ኖረው ተላምደዋል። ተጠራጣሪዎቹም «ይህን ያህል የሚችል ፍጡር በዚያች ለውጥ ያብዳል?» የሚሉት በዚህ ነው። እምቦጭ የሸፈነው ውሃ ሥር ላለ ዓሣ ከአሲዱ ይልቅ የኦክስጅን ማነስ ነው የሚያስፈራው።

የመጨረሻው ጠያቂ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። «ይህን ሙከራ ትምህርት ቤታችን ውስጥ መሥራት እንችላለን?» አለኝ። ይቻላል። ሁለት ገንዳ፣ ከሐይቅ የመጡ የቆሮሶ ጫጩቶች፣ አንድ የስልክ ካሜራ። የምትቆጥሩትን ምን እንደሆነ ዓሣውን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚጨምረው ልጅ ገንዳዎቹን ሀ እና ለ ብሎ ይሰይማቸው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም ለማንም አይንገር። ቪዲዮውን የሚቆጥረው ሌላ ልጅ ይሁን። ዓሦቹ ከ10 አይነሱ፣ 40 ቢሆኑ ደግሞ እሰየው። ምንም ልዩነት ካላገኛችሁም ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የቧንቧ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በሰፊ ዕቃ አሳድሩት፤ ካለዚያ ዓሦቹ ገና ሳትጀምሩ ያልቁባችኋል።